የአማቴ ዶሮዎችና የባትሪው አመድ

አማቴ ዶሮ ሲያጥቡ ያላየ ሰው፣ ዶሮ ማጠብ አውቃለሁ ብሎ አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። ብልቱን አንድ በአንድ በጨው ያሹታል፤ ሎሚ ይጨምቁበታል፤ ያለቀልቁታል፤ ከዚያ እንደገና በጨው። የታጠበበት ውኃ ከምንጭ እንደተቀዳ ጥርት ካላለ ሥጋው ድስት አጠገብ አይደርስም። «ቆዳሽን ይላጠው እንጂ የዶሮ ጠረን ይዞ ሰው ፊት አይቀረብም» ይሉኝ ነበር። እኔ ቡሬ ተወልጄ ፍኖተ ሰላም ያገባሁ ነኝ። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ያጠብኩትን ዶሮ አንስተው አሸተቱና፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መልሰው ውኃው ውስጥ ከተቱት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙያቸውን ግን ጠላታቸውም አይክድም። በሰፈራችን ክርስትና ይሁን ሠርግ፣ ማኅበር ይሁን ተዝካር፣ የእሳቸው እጅ ያልገባበት ዶሮ ወጥ ከወጥ አይቆጠርም ነበር። ቢላዋቸው መገጣጠሚያውን ሳይፈልግ ያገኘዋል፤ አጥንት ሳይሰበር፣ ሥጋ ሳይተለተል ብልት ከብልት ይለያል። ደጋሹም ዶሮውን ከገበያ አይገዛም፤ ከእሳቸው ነው የሚወስድ። ጓሯችን ሙሉ የሐበሻ ዶሮ ነበር፤ ገብስማው፣ ወሰራው፣ ነጩ፣ ቀዩ። ከፈረስ ቤት ከተማ በኩል የሚመጣ ዘመድ ሁሉ አንዲት ቄብ በብብቱ ሸጉጦ ካልመጣ ፊት አይሰጡትም።

የፈረንጅ ዶሮ ካነሡባቸው ግን አለቀ። ቡሬ በኩል የዶሮ እርባታ እየበዛ ስለነበር ነገሩን ሁሉ ወደ እኔ ያዞሩታል። «የእናንተ አገር ዶሮ» ይሉኛል፣ ቡሬ ባሕር ማዶ ያለች ይመስል። «ተቀምጦ መድኃኒት ሲግት የሚውል፣ መሬት ጭሮ የማያውቅ፣ ምኑ ዶሮ ሆነ? የእኔ ዶሮ የምትበላውን ፈልጋ፣ ጭራ፣ መርጣ ነው የምትበላው።» እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አመድ በዱቄት ይስቃል ይባል የለ? እንዲያ ስንስቅ ከረምን።

በሰፈራችን የሚታረደው ዶሮ ጉበት የወጥ ሠሪዋ ድርሻ ነው። አማቴ ድርሻቸውን ራሳቸው አይበሉትም። በትንሽ ሳህን ከድነው፣ በነጠላቸው ሸፍነው ያመጡና ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው እየቆረሱ ያጎርሷታል። «ጉበት ደም ነው፤ ብይ የኔ እመቤት» ይሏታል። ልጄ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት። ድግስ የጠፋ ሰሞን እንኳ ለእሷ ሲሉ ባሌን አንዷን ያሳርዱታል፤ ጉበቱ ለእሷ፣ የአጥንቱ መረቅ ለእሷ፣ የተረፈው ለእኛ። የኔ ልጅ እንደዚያ የምትወደድ መሆኗን ሳይ ያ ያሸተቱት ዶሮ ሁሉ ይረሳኝ ነበር።

አንድ ክረምት የዶሮ ቁንጫ ገባብን። ቁንጫው በዶሮዎቹ ዓይን ዙሪያ ጥቁር ሆኖ ተለጠፈ፤ ጫጩቶቹ በየማለዳው ሞተው ይገኛሉ። የዶሮ ቁንጫ መድኃኒቱ በእኛ አገር ማንም የሚያውቀው ነው፤ አመድ። ቆጡ ላይ ይነሰነሳል፣ እንቁላል የሚጥሉበት ላይ ይነሰነሳል፣ አንድ ጥግም ይከመርና ዶሮዎቹ ራሳቸው እየተንከባለሉ ላባቸው ውስጥ ያስገቡታል። አመድ መቼም በእኛ ዘንድ ንጹሕ ነገር ነው። ዕቃ ይታጠብበታል፤ እህል እንዳይነቅዝ ይታሽበታል። አመድ ይመርዛል ብሎ የሚያስብ ሰው እኛ አገር አልተወለደም። ችግሩ፣ በኤሌክትሪክ ማብሰል ከጀመርን ወዲህ ምድጃችን ለዶሮ ቤት የሚበቃ አመድ አጣ።

ከአጥራችን ጀርባ ደግሞ ባትሪ የሚጠግን ጎረቤት አለን። የባጃጁንም የጭነት መኪናውንም የሞተ ባትሪ ይፈታል፤ ውስጡ ያለውን እርሳስ የሚባለውን ብረት በከሰል እሳት አቅልጦ መልሶ ይጠቀምበታል። ባሌ ባጃጅ ነጂ ስለሆነ ደንበኛው ነው። አማቴ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና፦

«አንተ፣ ያን ሁሉ አመድህን ምን ታደርገዋለህ?» አሉት።

«እደፋዋለሁ እንጂ ምን አደርገዋለሁ፣ እማማ?»

«ለኔ ዶሮዎች አድርገው።»

በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ሰጣቸው። መድፊያ ቸግሮት ስለነበር ደስ ብሎት ነው የሰጠው።

ሠራ! እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንደዚያ የሚሠራ የቁንጫ መድኃኒት አይቼ አላውቅም። የእኛ ምድጃ አመድ ቁንጫን ያባርራል፤ የዚያ ሰው አመድ ግን ዘሩን አጠፋው። ዶሮዎቹ ላባቸው አምሮ፣ ጓሮውን እየጫሩ ይውሉ ጀመር። አማቴ በባዶ እጃቸው እየዘገኑ ሲበትኑት ዓይናቸው በኩራት ያበራ ነበር። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤት ሁሉ ጆንያ እየያዘ መጣ፤ ባትሪ ሠሪውም አልሰሰተም። ከዚያ ክረምት ወዲህ በየክረምቱ አመድ መበተን የሰፈራችን ልማድ ሆነ።

ልጄ ያኔ ድክ ድክ ማለት ጀምራ ነበር። «እማ» ትላለች፣ «ውኃ» ትላለች፣ አያቷን ስታይ ደግሞ እጇን እያማታች የማይገባ ነገር ትለፈልፋለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ዝም አለች። መጀመሪያ ልብ አላልነውም፤ ልጅ መቼም አንዳንዴ ያኮርፋል። ቀጥሎ ሆዷን እየያዘች ማልቀስ መጣ። ምግብ ትገፋለች፤ ከጓሮ ግን አፈር እየዛቀች ትበላለች። ፊቷ ገረጣ። ስጠራት ዞር አትልም። እኩያዋ የሆነችው የጎረቤት ልጅ እናቷን በነገር ስታደርቅ፣ የእኔዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች።

«ዓይን ነው» አሉ አማቴ። ጠበል ወሰዷት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ አልቅሼም ተመለስኩ። ጤና ጣቢያ የትል መድኃኒት ሰጡን። ቀጥለው ደም አንሷታል አሉና ሽሮፕ ሰጡን። ደም አንሷታል መባሉን አማቴ ሲሰሙ ምን እንዳደረጉ መገመት አያቅትም። «አላልኩም? ደም ነው የጎደላት!» ብለው ጉበቱን እጥፍ አደረጉት። ለሌላ ሰው የማያካፍሉት፣ ለባሌ እንኳ የማያቀምሱት ጉበት ሁሉ ልጄ አፍ ውስጥ ገባ። ዓይኔ እያየ። እኔም «ብይ እንጂ፣ አያትሽን አታሳዝኚያቸው» እላት ነበር።

ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም አገኘሁ። ሌሎቹ ያልጠየቁኝን ጠየቀኝ፤ «በሰፈራችሁ ባትሪ የሚሠራ አለ?» አለኝ። ከአጥራችን ጀርባ ነው አልኩት። እሱም አንገቱን ነቀነቀና ደሟን ቀድቶ አዲስ አበባ ላከልን። መንገዱ አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፈታል፤ ያ ውጤት እስኪመጣ እንዴት እንደቆየሁ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቅ። ሲመጣ ሐኪሙ አስቀመጠኝና፣ በልጄ ደም ውስጥ እርሳስ እንዳለ፣ ብዙም እንደሆነ፣ አእምሮን የሚጎዳ መሆኑን ነገረኝ። «መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት የሚገባበትን በር መዝጋት አለብን» አለኝ። «ጭስ ሊሆን ይችላል፤ አፈር ሊሆን ይችላል፤ የምትበላው ሊሆን ይችላል። ፈልጊው።» አመዴ ቡን አለ። ልጄን አቅፌ ስወጣ ባጃጁም ጋሪውም ሲያልፍ ሁሉም ነገር የሌላ ሰው ከተማ መሰለኝ።

እኔ ጭሱን ነበር የጠረጠርኩት። መስኮት ዘጋሁ፤ ልጄን ጓሮ ከለከልኩ። የዓመት በዓል ዋዜማ ግን ቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ የዶሮ ጨጓራ እየሰነጠቅኩ ሳጥብ፣ ከጠጠሩ ጋራ ግራጫ ፍርፋሪ ወጣ። ከዚህ በፊትም አይቼው አውቃለሁ፤ ጠጠር ነው ብዬ እደፋዋለሁ። ያን ቀን ግን መዳፌ ላይ ከበደኝ። በጥፍሬ ጫን ሳደርገው ጥፍሬ ገባበት፤ የተጫረው ቦታ አብረቀረቀ። ድንጋይ ጥፍር አይገባውም። ቢላዋውን እዚያው ጥዬ ወደ አጥሩ ሄድኩና ጎረቤታችን ብረቱን የሚያቀልጥበትን ቦታ አየሁ። መሬቱ ላይ የተንጠባጠበው ያው ነበር።

በበዓሉ ማግሥት ፍርፋሪውን በብጣሽ ጨርቅ ቋጥሬ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ የዶሮ ባለሙያዋን ይዣት መጣሁ። ዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆማ አመዱን አየችና «ይኼ ከየት መጣ?» አለች። ነገርኳት። አማቴ በረንዳው ላይ ሆነው ይሰሙናል። ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገር፣ ደግ ሰው ናት።

«ዶሮ ጥርስ የላትም» አለች። «ጠጠር ትውጥና ጨጓራዋ ውስጥ እህሏን ትፈጭበታለች። ይኼንም ጠጠር መስሏት ትውጠዋለች። ይኼ ግን እየተፈጨ ወደ ደሟ ይገባል። ከዚያ ጉበቷ ላይ፣ አጥንቷ ላይ ይቀመጣል።»

አማቴ ከበረንዳው፦ «እኔ በሎሚና በጨው ነው የማጥበው፣ ልጄ» አሏት።

«ከላይ የነካው ቢሆን ይታጠብ ነበር፣ እማማ። ሥጋው ውስጥ የገባ በምን ይታጠባል?»

ከዚያ የሚደረገውን ነገረችን። እነዚህ ዶሮዎች አይበሉም፤ እንቁላላቸውም፣ ጉበታቸውም፣ የአጥንታቸው መረቅም። አመዱ በደረቁ አይጠረግም፤ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ይርከፈከፍበትና ከላይኛው አፈር ጋራ ተዝቆ፣ ከውኃ የራቀ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። አዲስ ጫጩት ሲመጣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ያድጋል፤ የሚበላውም የሚጠጣውም ንጹሕ ዕቃ ላይ ይቀርብለታል። «መሬት አይጫሩ» አለች። አማቴ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

ማታውን ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ሰምተዋል አይደል?»

«ጆሮ አለኝ።»

«ጉበቱን ከእንግዲህ ለልጅቷ አንሰጣትም።»

«እንግዲያ እኔ ነኛ የመረዝኳት?»

«አመዱ ነው፣ እማማ።»

«አመዱን ማን በተነው?»

ምን ልበላቸው? ዝምታዬን ከስድብ ቆጠሩት። «እጄ አመድ አፋሽ ነው! ስንቱን አብልቼ፣ ስንቱን አሳድጌ፣ በስተርጅና መርዘኛ ልባል?» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። በሳምንቱ ከአንድ ማኅበር ሲመለሱ ያን ትንሽ ሳህን ከድነው መጡ። ልጄን ጠሯት። እኔ ሳህኑን ከእጃቸው ነጠቅኩና ይዤው ሄጄ ሽንት ቤት ደፋሁት። አማቴን ተጋፋሁ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ይኼ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን አልተጸጸትኩም፤ ዛሬም አልጸጸትም።

ባትሪ ሠሪው ጋ ሄድኩ። የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ፦ «አመድ ስጠኝ አሉኝ፣ ሰጠኋቸው። ብሉት አላልኩም» አለኝ። እሳት ሆኜ ነበር የሄድኩ፤ ግን የራሱ ሕፃናት አጠገቡ በተሰባበረ የባትሪ ቀፎ ውስጥ ጭቃ እያቦኩ ይጫወታሉ። ለሚመለከታቸው አመለከትኩ። «እናያለን» አሉኝ። እስካሁን እያዩ ነው።

ሰፈሩስ? ሰፈሩ የተቆጣው በአመዱ አይደለም፤ በእኔ ነው። አመድ የወሰዱትን ቤት ለቤት እየዞርኩ ነገርኳቸው። «የቡሬዋ አማቷን ጠልታ ነው» አሉ። «ልጇ በዓይን ተበልታባት ዶሮውን ታማለች» አሉ። አንዷ ደግሞ በር ላይ እንደቆምኩ፦ «እኛስ በልተን ምን ሆንን?» አለችኝ። ልጇ ስሙን ተጠርቶ የማይሰማ ነበር። ያን ልነግራት አልቻልኩም። ባሌም ቢሆን በእናቱና በሚስቱ መካከል ሆኖ መሬት መሬት ያያል። «ተዪ እስቲ፣ ቀስ ብለን» ይለኛል። ልጅህ ቀስ ብላ እየጠፋች አይደል እንዴ፣ ሰውዬ!

አንድ ቀን አማቴ ማኅበር ሄደው ሳለ ባሌን «ዛሬ ካልተነሣህ ልጄን ይዤ ቡሬ እገባለሁ» አልኩት። ተነሣ። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አረዳቸው። እኔ ከከተማ ወጣ ካለ የዘመድ ማሳ ዳር ባስቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኳቸው። ወሰራው ሲታረድ ባሌ አለቀሰ፤ እናቱ ከእጃቸው እህል ሲያስለቅሙት የሚያውቀው ዶሮ ነው። ከዚያ ጓሮውን በውኃ አርሰን፣ አፋችንን በጨርቅ አስረን፣ አመዱንም አፈሩንም ዛቅነው፤ በጋሪ አስጭነን ወስደን እዚያው ከተትነው። አማቴ ሲመለሱ ጓሮው ባዶ ነበር። ሄደው የተራቆተው መሬት መካከል ቆሙ። ይጮኻሉ ብዬ የጠበቅኩት ጩኸት አልመጣም። «እግዜር ይይልሽ» ብቻ ብለውኝ ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግድ ካልሆነ አላናገሩኝም።

ልጄ መድኃኒት ጀመረች። ሆዷ ተሻላት፤ መብላት መጣ፤ አፈር ተወች። ደሟ እንደገና ሲታይ እርሳሱ ቀንሷል ተባልን። ደስ ብሎኝ ሐኪሙን «እንግዲህ አፏ ይፈታል?» ስለው ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። «የጠፋው ሁሉ ላይመለስ ይችላል» አለኝ። እነሆ ዛሬ እኩዮቿ ዘፈን ይዘፍናሉ፤ የእኔዋ ጥቂት ቃል አላት፤ እሱንም ለሚያውቃት ሰው ብቻ። ይኼ ያንገበግበኛል። ማንን እንደምረግም አላውቅም፤ ባትሪ ሠሪውን ስል ልጆቹ ይታዩኛል፤ አማቴን ስል ያን ሳህን በነጠላ ሸፍነው የሚመጡበት ፈገግታ ይታየኛል። የሚረገም ሰው ማጣት እንዲህ ይመርራል አልልም ነበር።

አዲሶቹን ጫጩቶች ከየት ያመጣናቸው ይመስላችኋል? ከቡሬ፣ ከእርባታው። ያ አማቴ የሚስቁበት፣ መሬት ጭሮ የማያውቀው ዶሮ። ባሌ ከመሬት ከፍ አድርጎ ርብራብ ሠራላቸው፤ ለቁንጫው ከእንስሳት ሐኪሙ የታዘዘ መድኃኒት ተጠቀምን። አማቴ አጠገባቸው አይደርሱም። ግን ሌላ ነገር ልብ ማለት ጀመርኩ። ከገበያ የማመጣው ሎሚ አይበረክትም። ዶሮ ባልታጠበበት ቀን የተጨመቀ ሎሚ ቧንቧው ሥር አገኛለሁ። አንድ ቀን ከጓዳ ስወጣ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብለው እጃቸውን በሎሚና በጨው ሲያሹ አየኋቸው፤ በጣቶቻቸው መካከል፣ ጥፍራቸው ሥር፣ ልክ ብልት እንደሚያጥቡት። አላዩኝም። ለቁርጥማት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። እጃቸው በዚያ ሰሞን መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሽንኩርት መክተፍ አልቻሉም፤ ቢላዋው መገጣጠሚያውን እየሳተ አጥንት ይሰብር ጀመር። «እርጅና ነው» ይላሉ። አስመርምሬ ልያቸው ብል እምቢ አሉ። ደጋሾችም ቀስ በቀስ ሌላ ወጥ ሠሪ መጥራት ጀመሩ።

በቅርቡ ሁለት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤታችን ልጁን ክርስትና አስነሣ። ቤቱ ዛሬም ያን አመድ ይበትናል፤ ዶሮውም የጓሮው ነው። መቅረት ነውር ስለሆነ ልጄን ይዤ ሄድኩ። አማቴ ከትልልቆቹ ሴቶች ጋራ ተቀምጠዋል። አዲሷ ወጥ ሠሪ ለአክብሮት ብላ ጉበቱን በትንሽ ሳህን ይዛ መጣችና «እማማ፣ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ እኛማ ከእርስዎ የተማርን ነን» ብላ ፊታቸው አስቀመጠች። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። አማቴ አልነኩትም። አጠገባቸው የተቀመጡት አሮጊት ግን አንዱን አነሡና «ለዚች ለሚስኪኗ» ብለው ልጄን አጎረሷት።

ዘልዬ ደረስኩ። ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ ጉበቱን አወጣሁት። ልጄ ጮኸች። ጉበቱ መዳፌ ላይ ነው፤ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ዶሮዬን መርዝ ነው ልትይ ነው በልጄ ክርስትና?» አለችኝ ባለቤቲቱ።

አሮጊቷ ወደ አማቴ ዞሩ። «ምነው እርስዎ እያሉ? ምራትዎ ናት፤ ይንገሯት እንጂ!»

ሁሉም አማቴን አየ። እኔም አየኋቸው። በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው፤ «ልክ ናት» ቢሉ ሰፈሩ ይሰማቸዋል። በዚያ ቤት የተቀመጡት ልጆች ሁሉ፣ የታቀፈው ክርስትና የተነሣው ሕፃን ጭምር፣ በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አማቴ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ከመዳፌ ላይ ጉበቱን አነሡት። ወደ አፋቸው ሲወስዱት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስቶ አገጫቸውን ነካ፤ እንደገና ሞከሩና ጎረሱት። አኘኩ፤ ዋጡ። «ይጣፍጣል። እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። እልል ተባለ።

ልጄን አንሥቼ ወጣሁ። እያለቀስኩ ነበር፤ ከንዴት እንጂ ከሐዘን አይደለም። አማቴ ከኋላዬ ይከተሉኝ እንደነበር ያወቅኩት የግቢያችንን በር ስከፍት ነው። በዚያ በደከመ እግራቸው እንዴት እንደደረሱብኝ እንጃ። ዞሬ ጮህኩባቸው፤ እርስዎ ማለቱን ሳልረሳ ጮህኩባቸው።

«ለምን በሉት? እያወቁ ለምን በሉት?»

በሩን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እዚያ ቤት የተቀመጠውን ሁሉ ያበላሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እነሱ የዋጡትን እኔ ልትፋው?»

ልጄን ቧንቧው አጠገብ አቆምኳት፤ ከንፈሯ ላይ ወጡ አለ፣ ጥርሷ ላይ የጉበት ፍርፋሪ አለ። አፏን ላጥብላት አልኩና ሳላስበው ከጓዳ ሎሚ አምጥቼ በቢላዋ መክፈል ጀመርኩ። አማቴ መጥተው አጠገቤ ካለችው ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀመጡ። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ዘርግተው ሎሚውን ከእጄ ወሰዱት።

«ተይው፣ ልጄ» አሉኝ። «በሎሚ አይለቅም። ሞክሬዋለሁ።»